በማንሰርጋር ምድር ቤት የተሰማው ጥሪ

የምስክር ቃል መቀበያ
ማንሰርጋር ፖሊስ ጣቢያ፣ ራጃስታን

የምስክሩ ስም፦ ሳምፓትላል ሎዳ
ዕድሜ፦ 71 ዓመት
ሥራ፦ በጡረታ ላይ የሚገኙ የቀድሞ የአውራጃ አስተዳዳሪ
አድራሻ፦ ኡዳይፑር ከተማ፣ ከሐይቁ በስተሰሜን
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ሜይ 23 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ኢንስፔክተር ኡግራም ሲንግ ቹንዳዋት

ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በላይ የሰፈረው እኔ፣ በምሽጉ ጥበቃ በካሉላል ጋሜቲ ላይ በቀረበው አቤቱታ ምስክር ሆኜ ተጠርቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይመክረኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ካሉላል የተያዘው፣ ትናንት ማክሰኞ እኔንና ታላቅ እህቴን ወይዘሮ ሶሃንባይ ባፍናን በምሽጉ ውስጥ ባለው ቤተ መቅደስ ምድር ቤት ሆን ብሎ ቆልፎብናል፤ ከመቆለፉም በፊት ሰው መኖሩን ለማወቅ አልተጣራም ተብሎ ነው። አቤቱታ አቅራቢው የእህቴ ልጅ ቪናይ ባፍና ነው። ተጠርጣሪው ዛሬ ንጋት ላይ ከቤቱ ተወስዶ በዚህ ጣቢያ ታስሯል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ተነግሮኛል።

ማክሰኞ ዕለት ከኡዳይፑር የተነሣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ከሙምባይ ለዕረፍት የመጣው ቪናይ እየነዳ፣ እህቴ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ተቀምጠን ነበር። ጉዞው እህቴ ለብዙ ጊዜ ስትመኘው የኖረችው ነው፤ ጠዋት በራናክፑር ባለው የእምነበረድ ቤተ መቅደስ ልትጸልይ፣ ከዚያም ወደ ማንሰርጋር ምሽግ ወጥታ በዚያ ያለውን የጌታ ፓርሽቫናት ሐውልት ልትሳለም። ለዚህ ጉዞ ጫማ እንዳታደርግ ተስላ ስለነበር ከቤት የወጣችው ባዶ እግሯን ነው። ዕለቱ ደግሞ የጨረቃ ስምንተኛ ቀን በመሆኑ እንደ ልማዷ ጾማለች። ከሰኞ ጀንበር መጥለቂያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የሚፈቀድላት በቀን ብርሃን የፈላ ውኃ ብቻ ነው። ውኃውን በማሰሮ ይዛ መኪናው ውስጥ አኑራው ነበር።

ራናክፑር ከቀትር በፊት ለአማኞች ብቻ ስለሚፈቀድ ጸሎታችንን በእርጋታ ፈጸምን። ወደ ምሽጉ የደረስነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤተ መቅደሱ ከምሽጉ ዋና በር ርቆ በምዕራቡ ግንብ ሥር ይገኛል። በግቢው መግቢያ ላይ ካሉላል ቆሞ ነበር። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ ያነሰ መስሎኝ ነበር። በእምነታችን ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ነገር ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ቪናይ የቆዳ ቀበቶ ታጥቆ ስለነበር በትሕትና አስቆመው።

«ጌታዬ፣ ቀበቶዎን አውልቀው ይግቡ።»

«ሱሪዬ ሲወርድ አንተ ትይዝልኛለህ?»

«እኔማ የራሴንም መያዝ አልቻልኩ ጌታዬ። የደንብ ልብሱ ቀበቶ ቆዳ ነው፤ ለዚህ ነው ስምንት ዓመት ሙሉ ከደጅ የማላልፈው።»

እህቴ ሳቀች። ቪናይ ግን ደሙ ፈላ። «ሃይማኖቴን ዘበኛ ያስተምረኝ?» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። በአቤቱታው ላይ ቂም ተብሎ የተጻፈው ይህ ነገር ነው። ካሉላል ግን ፊቱ ሲለወጥ አላየሁም። ይልቁንም ለእህቴ ክንዱን ሰጥቶ ደረጃውን አወጣት። እኔ የቆዳ ነጠላ ጫማዬን አስቀድሜ መኪናው ውስጥ ትቼ በካልሲ ነበር የምሄደው። ስለዚህ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ ከሁለታችንም የቀረ ጫማ አልነበረም። ይህን የምናገረው ነገሩ በኋላ ትርጉም ስላለው ነው።

ላይኛውን አዳራሽ ከተሳለምን በኋላ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ይህ ክፍል በድሮ ጊዜ ጦር ሲመጣ ሐውልቶችን ለመደበቅ የተሠራ ነው። ድምፅም ብርሃንም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ታስቦ የተገነባ በመሆኑ ግንቡ በጣም ወፍራም ነው። በደረጃው አናት ላይ የብረት ፍርግርግ፣ ከፍርግርጉ ቀጥሎ ወደ ግቢው የሚከፈት ከባድ የእንጨት በር አለ። ታች እህቴ ምንጣፏን አነጠፈችና ሳማዪክ እንድንቀመጥ ጠየቀችኝ። ለመዝገቡ ግልጽ እንዲሆን፣ ሳማዪክ ማለት አርባ ስምንት ደቂቃ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ስለ ዓለማዊ ነገር ሳያስቡና ሳይነጋገሩ የሚፈጸም ስዕለት ነው። እህቴ በፍጹም ዝምታ ነው የምትቀመጠው። በክፍሉ ውስጥ አንዲት አምፖል ትበራ ነበር፤ ብርሃኗ ትንኝ ስቦ እንዳይገድል አጥፋት አለችኝ፣ አጠፋኋት። ስልኬም ከነጠላ ጫማዬ ጋር መኪናው ውስጥ ነበር።

ስዕለቱን እንደጀመርን ከበላያችን የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ። ከሱራት የመጡ ምእመናን ነበሩ፤ አብዛኞቹ እንደ እህቴ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ናቸው። ጥቂት ቆይተው ሄዱ። ካሉላል እኛም ከእነርሱ ጋር የወጣን እንደመሰለው ለመርማሪው መናገሩን ሰምቻለሁ፤ ይህ ለማመን የሚከብድ አይደለም።

ቤተ መቅደሱ ቀትር ላይ ተዘግቶ አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል። ልክ ቀትር ሲሆን አንድ ሰው በደረጃው አናት ላይ ቆመ። ድምፁ የካሉላል ነበር።

«ታች ያላችሁ፣ ልዘጋ ነው። ሰው ካለ ድምፁን ያሰማ።»

ጥቂት ጠበቀ። «እናቶች፣ አባቶች፣ ሰው አለ?» አለ። ለሦስተኛ ጊዜም ተጣራ፤ የመጨረሻው ጥሪ ከፊተኞቹ ከፍ ያለ ነበር። በደረጃው ጉድጓድ ውስጥ ድምፁ ወርዶ ሐውልቱ አጠገብ ድረስ ደርሷል። እኔ ሰምቻለሁ። እህቴም ሰምታለች። ልመልስ አፌን ስከፍት እጇ በጉልበቴ ላይ አረፈ፤ እኔም ተውኩት። ስዕለቱ ሊያልቅ ጥቂት ስለቀረው፣ ካለቀ በኋላ በሩን ብመታ ይከፍትልናል ብዬ አሰብኩ። ካሉላል ወርዶ ለማየት ቀበቶውንና ጫማውን ማውለቅ ነበረበት። ነገር ግን ከደጃፉ ላይ የሚያየው ጫማ፣ ከታች የሚያየው ብርሃን፣ የሚሰማው ድምፅ ምንም አልነበረም። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፤ ቀጥሎ የእንጨቱ በር ተዘጋ።

እህቴ ስዕለቷን እስከ መጨረሻው በመቁጠሪያዋ ቆጥራ ፈጸመች። ከዚያም የመጀመሪያ ቃሏ «ሂድና አስከፍት» የሚል ነበር። አምፖሏን ላበራ ሞከርኩ፤ ቤቱ ሲዘጋ መብራቱ ከላይ ስለሚቋረጥ አልበራችም። በጨለማ እየዳበስኩ ደረጃውን ወጥቼ ፍርግርጉን ነቀነቅሁ፤ ከሐውልቱ ፊት ይዤው በወጣሁት የናስ ሳህን ደበደብኩት፤ ስሜንና የቀድሞ ሥራዬን ሳይቀር ጠርቼ ጮኽኩ። የመለሰልኝ ከግንቡ ላይ የነበረ አንድ ፒኮክ ብቻ ነው። በዚህ ወር ቀትር ላይ ምሽጉን የሚጎበኝ ሰው የለም። ካሉላል ወደ መንደሩ ምሳ ሊበላ ሄዷል። ቪናይ በዛፍ ጥላ ሥር መኪናውን አቁሞ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ተኝቷል። እናቱ ጸሎት ላይ ከተቀመጠች ቶሎ እንደማትነሣ ስለሚያውቅ አልተጨነቀም።

ተመልሼ ስወርድ በጨለማው ውስጥ የእህቴን ሳቅ ሰማሁ።

«አውራጃ ሙሉ ስታዝ ኖረህ አንዲት በር አልታዘዝህም አለችህ?»

«በሯ ደመወዟን ከእኔ አይደለም የምትቀበለው እትዬ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። ትንፋሽህን አትጨርስብኝ፣ ለሁለታችን ነው።»

የተናገረችው ለቀልድ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ሆነ። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ግድግዳው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ እየቆየ ግን ሙቀቱ ከደረጃው እየተንከባለለ ወረደብን። ጨለማው ዓይን የሚለምደው ዓይነት አይደለም። እጄን ከፊቴ አላየሁትም። ሰው በተዘጋ ስፍራ ውስጥ ሲቆይ ግድግዳው የሚጠጋው ይመስለዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ በእኔ ላይ የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳው የት እንዳለ ጠፋብኝ። እህቴን ለማግኘት በየጊዜው ስሟን መጥራት ነበረብኝ።

ለሐውልቱ መታጠቢያ የተቀዳ አንድ እንስራ ውኃ በጥግ በኩል መኖሩን አስታወስኩ። ዳብሼ አገኘሁትና በእፍኜ ይዤ መጣሁ።

«እትዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ።»

«ፈልቷል?»

«እዚህ እሳት ከየት ይመጣል?»

«እንግዲያው ውኃም የለም። አንተ ጠጣ፤ ስዕለቱ የኔ ነው፣ ጥማቱ ያንተ።»

ጠጣሁ። ስጠጣ እንዳትሰማኝ ለመጠንቀቅ ሞከርኩ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን የሚደበቅ ድምፅ የለም። «እንደ በሬ ነው የምትጠጣው፣ ሳምፑ» አለችኝ። በልጅነት ስሜ ከጠራችኝ ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ከዚያ በኋላ ንግግሯ እየተቆራረጠ ሄደ። ስለ ሟች ባሏ፣ ስለ አባታችን ሱቅ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለመረዳት ስለሚያስቸግር ነገር ተናገረች። ስጠራት መልሷ ዘገየ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ቀረ። እጇን ይዤ የልብ ምቷን እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። ወጥቼ በሩን ልምታ ብል እጇን መልቀቅ አለብኝ፤ ከለቀቅኩት ደግሞ በጨለማው ውስጥ መልሼ የማገኘው አልመሰለኝም። አልለቀቅሁም።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ካሉላል የናሱ ሳህን ፍርግርጉ ሥር ወድቆ ሲያይ ጮኾ ተጣራ፤ በዚህ ጊዜ መለስኩለት። ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ቀበቶውን ፈትቶ ከደጃፉ ውጭ ሲወረውረው የዘለበቱን ድምፅ ሰማሁ። ያን በመሰለ ጊዜ እንኳ ደንቡን አልሻረም። እህቴን በጀርባው አዝሎ እስከ ምሽጉ ዋና በር ድረስ በሩጫ ወረደ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይለኝ ነበር። «ጌታዬ፣ ተጣርቼ ነበር እኮ። ተጣርቼ ነበር።» ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ራሴን ብቻ ነቀነቅሁለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለሚሮጥ አላየኝም።

ቪናይ ከእንቅልፉ ነቅቶ እናቱን በዚያ ሁኔታ ሲያያት ካሉላልን በጥፊ መታው። «ቂመኛ» አለው። ካሉላል እህቴን መኪናው ውስጥ በጥንቃቄ ካስተኛ በኋላ ነው ፊቱን የዳሰሰው። እኔ ያን ጊዜ ስለ ጥሪው መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩም። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ያሰብኩት ስለ እህቴ ብቻ ነበር። ቪናይ ማምሻውን ወደዚህ ጣቢያ መጥቶ አቤቱታ ማስገባቱን ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው።

እህቴ በዚህ አቅራቢያ ባለው ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰጥቷት ሌሊቱን ነቃች። ዛሬ ጠዋት ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ሲደርስ ቪናይ የምስር ውኃ በማንኪያ ይዞ ቀረበ።

«ያ የተሸከመኝ ልጅ የት ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«የሚገባው ቦታ ነው እማ። ፖሊስ ወስዶታል።»

እጆቿን አጋጥማ ዓይኖቿን ጨፈነች። ካሉላል ቤቱ ገብቶ ከገዛ ምድጃው እስኪቀምስ ድረስ እህል እንደማትቀምስ በፊታችን ተሳለች። ቪናይ ለመነ፤ ተቆጣ፤ አለቀሰም። ሐኪሟ በዕድሜዋና በደረሰባት ድካም የተነሣ ሌላ ሌሊት ያለ ምግብ ካደረች ኩላሊቷ ሊጎዳ እንደሚችል ነግሮናል። ግሉኮሱን ነቅላዋለች። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አትበላም። ስለዚህ ካሉላል ዛሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ካልገባ፣ ማታ ቢፈታ እንኳ የእርሷ መብያ ነገ ጠዋት ነው።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቪናይ በሆስፒታሉ ኮሪደር አነጋግሮኛል። ይህን የምገልጸው እርሱን ለመክሰስ ሳይሆን ምስክርነቴ ሙሉ እንዲሆን ነው።

«አጎቴ፣ አንድ ቃል ነው። አልሰማሁም በል።»

«ሰምቻለሁ ቪናይ።»

«ድምፁ ከሩቅ ስለነበር በደንብ አልሰማህ ይሆናል።»

«በስሜ ቢጠራኝ እንኳ ከዚያ የበለጠ አልሰማም ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበል? እናቴ እየተጠራች ዝም ብላ ተቆለፈባት ልበል? እኔስ በር ላይ ተኝቼ ነበር ልበል? አገር ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። እትዬ ራሷ ጨለማው ውስጥ ስትስቅ ነበር።»

እናቱን የሚወድ ልጅ ነው። ተኝቶ የቆየበት ሰዓት እያንገበገበው መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥፋቱን የሚጭንበት ሰው ማግኘቱ ለጊዜው አሳርፎታል።

ምክትል ኢንስፔክተሩ በአቤቱታው ላይ ተመሥርቶ አስቀድሞ ባዘጋጀው ረቂቅ ላይ «ጥሪ አልሰማሁም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። እንዲሰረዝ ጠይቄ በፊቴ ተሰርዟል። በሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ያለባቸው ብዙ የምስክር ቃሎች በጠረጴዛዬ አልፈዋል። ከሁሉም የሚቀለው ዐረፍተ ነገር እርሱ ነው፤ ማንም ተቃራኒውን ሊያስረዳ አይችልምና። በዚያ ምድር ቤት የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዷ ታማለች፤ ሌላው እኔ ነኝ።

የእህቴ ጾም ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሕግም በጾም እንዲታዘዝ አልጠይቅም። እርሷ ባትጾም ኖሮም ይህንኑ ቃል እሰጥ ነበር። ምናልባት ግን ዛሬ ሳይሆን ነገ፣ ወይም ቪናይ ቁጣው ከበረደለት በኋላ እሰጠው ነበር። ካሉላል እስከዚያ ድረስ እዚህ ታስሮ ይቆይ ነበር። ትናንት የተቆለፈብን በገዛ ስዕለታችን፣ በገዛ ባዶ እግራችንና በገዛ ዝምታችን ነው፤ በሩን የዘጋው ሰው ደንቡ የሚያዝዘውን ከዚያም በላይ አድርጓል። አሁን ግን እርሱ የተቆለፈበት በእኛ ነው።

የዋስ ጉዳይ ካለ እኔ ራሴ ዋስ እሆነዋለሁ። ዛሬ ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። ይህን ያነሣሁት ጣቢያውን ለማስቸኮል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ተነብቦልኛል። እኔም መነጽሬን አድርጌ ራሴ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ያላየሁትን አልጨመርኩም፤ የሰማሁትንም አልቀነስኩም። ይህ ቃል በየትኛውም ፍርድ ቤት ቢነበብብኝ የእኔ ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሳምፓትላል ሎዳ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ኡግራም ሲንግ ቹንዳዋት
ሰዓት፦ ከቀኑ 11፡40

ቃሉን በተቀበለው መኮንን የተጨመረ፦

የምስክሩ ቃል በጣቢያው በር ቆመው ይጠብቁ ለነበሩት አቤቱታ አቅራቢ ለአቶ ቪናይ ባፍና ተነብቦላቸዋል። አቤቱታ አቅራቢው «ተኝቼ ነበር፤ ይህንንም ጻፉት» ስላሉ ተጽፏል። ተጠርጣሪው በጣቢያው ኃላፊ ትእዛዝ በምስክሩ ዋስትና ተለቋል። መንደሩ ከአስፋልቱ የሚርቅ በመሆኑ በአቤቱታ አቅራቢው መኪና፣ በእርሳቸው አሽከርካሪነት ወደ ቤቱ ሄዷል፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ።

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ የበቆሎ ቂጣ ጋግራ አቀረበች። ካሉላል ገና ፀሐይ ስላለች አልበላም አለ። «በጠራራ ፀሐይ እራት የሚበላ ማነው? ጎረቤት ምን ይለኛል?» ሲል ተከራከረ። አቶ ቪናይ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ለማስረዳት ሞከሩ፤ ባለቤቱ ግን አላስጨረሰቻቸውም። «አንዲት እናት ርቧት እየጠበቀችህ ነው፤ አፍህን ክፈት» አለችው፤ ከፈተ፤ በእጇ አጎረሰችው። ሲያኝክ አቶ ቪናይ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ደወሉ። ስልኩን ያነሡት ቀድመው ወደ ሆስፒታሉ የተመለሱት ምስክሩ ነበሩ፤ የምስር ውኃውን በማንኪያ ይዘው ነበር የሚጠብቁት። ፀሐይዋ በግንቡ ጫፍ ላይ ነበረች።

ም/ኢንስፔክተር ኡግራም ሲንግ ቹንዳዋት